ሐሰተኛዋ ሊምፔት አዲስ ዝርያ የምትባለው መቼ ነው? ጥያቄና መልስ

ሱሉልታ ውስጥ ተፈጥሮ የምንወድ ሰዎች ሰብሰብ ብለን የምንጨዋወትበት ልማድ አለን። ወፍ የሚከታተል አለ፣ ዕፅዋት የሚያጠና አለ፤ የእኔ ነገር ቀንድ አውጣ ነው። ባለፈው ስለ ሲፎናሪያ አንሥቼ ነበር። ባሕር ሲሞላ በሚሸፈን፣ ሲጎድል በሚጋለጥ ድንጋይ ላይ ተለጥፋ የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ናት። ዛጎሏ እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ላይ የሾለ ነው። ሊምፔት ከሚባሉት፣ እንደ እሷ ድንጋይ ላይ ከሚለጠፉ ሌሎች የባሕር ቀንድ አውጣዎች ጋር ስለምትመሳሰል ሐሰተኛ ሊምፔት ይሏታል። “አዲስ ዝርያ ተገኘ ሲባል ግን ምን ተደረገ ማለት ነው?” የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከዚያ ከለገጣፎም፣ ከሰበታም፣ ከቡራዩም ጥያቄው ተከታትሎ መጣ። መልሱን እነሆ።

ጋሼ፣ ፎቶ ላይ እውነተኛውም ሐሰተኛውም አንድ ናቸው። በምን ልለያቸው? (የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ለገጣፎ)

ከላይ ብቻ ካየሃቸው እውነትህን ነው፣ ያሳስታሉ። ዛጎሉን ገልብጠው። ጡንቻው ተጣብቆበት የነበረው ቦታ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ጠባሳ ሆኖ ይታይሃል። የኮቴው ክፍት ወዴት ዞሯል? በእውነተኛው ሊምፔት ወደ ፊት ነው፤ ጭንቅላቱ ባለበት በኩል። በሲፎናሪያ ግን በቀኝ ጎኗ ነው። እዚያው ላይ ጎድጎድ ያለ መስመር እስከ ጠርዙ ይወርዳል። አየርና ውኃ የሚገባትና የሚወጣት በዚያ ነው። ከውጭ ደግሞ ጠርዙ እዚያ ጋ ገፋ ብሎ ይወጣል። ጣትህን በዙሪያው ብታስኬድ ያቺን ጉብታ ታገኛታለህ።

ውስጧም ሌላ ነው። ውኃው ሲሸሽ አየር የምትተነፍስበት ክፍል አላት፤ ውኃው ሲመለስ የሚያገለግላት ስንጥብም አላት። በዝምድና ከእውነተኛው ሊምፔት ይልቅ ለጓሯችን ቀንድ አውጣ ትቀርባለች። እኔ ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

አንድ ተመራማሪ “ይቺ አዲስ ናት” የሚለው በምን ተማምኖ ነው? (የባዮሎጂ መምህርት፣ ቡራዩ)

ትልቁ ጣጣ እዚህ ጋ ነው መምህርት። የሲፎናሪያ ዛጎል ብቻውን አይታመንም። አንዷ ዝርያ ሞገድ በሚመታው ድንጋይ ላይ ስታድግና ጸጥ ባለ ዳርቻ ላይ ስታድግ መልኳ ይለያያል። ዛጎሉ በጊዜ ብዛት ይበላል፣ አልጌ ይበቅልበታል፣ ከጫፉ ወደ ጠርዙ የሚወርዱት ጎድኖች ይደመሰሳሉ። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ደግሞ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዓይን አይለያቸውም። ድሮ ስም የሚወጣው ብዙ ጊዜ ባዶ ዛጎል ታይቶ ነበር። ለዚህ ነው ለአንዲት ዝርያ ሁለት ሦስት ስም፣ ለብዙ ዝርያም አንድ ስም ተሰጥቶ የምናገኘው።

ስለዚህ እንስሳዋን ራሷን መክፈት ግድ ነው። ሲፎናሪያ ፍናፍንት ናት፤ የወንዴም የሴቴም አካል በአንድ ገላ አላት። የዚህ አካል ቅርጽ ከዝርያ ዝርያ ይለያል። ሲገናኙ የወንዴውን ዘር በቀጭን ከረጢት አሽገው ይሰጣጣሉ። የከረጢቱ ርዝመትና ቅርጽ ራሱ መለያ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሥር ጎልቶ ይታያል። እንቁላሏን ድንጋይ ላይ በዝልግልግ ጥቅል ውስጥ ትጥላለች። ከዚያ ጥቅል በአንዳንዱ ዝርያ የሚዋኝ እጭ ይወጣል፣ በሌላው ደግሞ እየዳኸ የሚወጣ ጥቃቅን ቀንድ አውጣ። ይህን ሳይመዘግብ አዲስ ዝርያ የገለጸ ሰው ግማሹን ሥራ ትቶታል ባይ ነኝ።

ትዕግሥት የሚፈትነው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ቀድሞ ስም ከወጣላቸው ሲፎናሪያዎች ጋር አንድ በአንድ ማወዳደር! የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም የሚቆጠረው ከስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ከሊኒየስ፣ እ.ኤ.አ. ከ1758 ጀምሮ ነው፤ የእንስሳት ስያሜ ሕጉም ለቀደመው ስም ያደላል። ሊኒየስ በዚያው ዓመት አንዷን ሲፎናሪያ ከእውነተኞቹ ሊምፔቶች ጋር ደምሮ ፓቴላ ፔክቲናታ ብሏታል። ሲፎናሪያ የሚለው የወገን ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1823 ነው፤ ያወጣው ሳወርቢ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። እንግዲህ ዛሬ ያገኘናት “አዲስ” ዛጎል ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ስም ወጥቶላት ለንደን ወይ ፓሪስ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የዚህ ሥራ ክብደቱም ክብሩም ያ አሮጌ መሳቢያ ፊት ቁጭ ብሎ ማወዳደሩ ላይ ነው።

ዲኤንኤ እያለ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? (ሰበታ)

ዲኤንኤ በጣም ይረዳል። ከእግሯ ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ 650 ገደማ ፊደላት ያሉት የአንድ ጂን ክፍል ይነበባል። ዓይን ያልለያቸውን ብዙ ሲፎናሪያዎች የለየልን እሱ ነው። ግን “ይህን ያህል ፐርሰንት ከተለያዩ ሁለት ዝርያ ናቸው” የሚል ቁርጥ ያለ ሕግ የለም። በዚያ ላይ ከድሮዎቹ ናሙናዎች ብዙዎቹ ሥጋ የሌላቸው ደረቅ ዛጎሎች ናቸው። ስለዚህ የድሮዋ ናሙና ወደተገኘችበት ዳርቻ ሄዶ አዲስ መልቀም ያስፈልጋል። ዲኤንኤውና የአካል ክፍሉ አንድ ነገር ሲናገሩ ነው ልቤ የሚያርፈው።

ለሚሰበስብ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ፎርማሊን ዲኤንኤ ያበላሻል፤ ኢታኖል ይሻላል። ደግሞ በሕይወት ሳለች ድንገት አልኮል ውስጥ ከከተቷት ትኮማተራለች፤ ያኔ ውስጧን ማየት ያስቸግራል። ቀድሞ በማግኒዥየም ክሎራይድ ማፍዘዝ ነው።

ሆሎታይፕ የሚባለው ምንድን ነው?

ስሙን የምትሸከመው አንዲት ናሙና ናት። ወደፊት ክርክር ቢነሣ ዳኛዋ እሷ ናት፤ ስሙ እሷን ተከትሎ ይሄዳል። ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ የሚወጣ አዲስ የዝርያ ስም እንዲህ ዓይነት ናሙና በግልጽ ካልተሰየመለት አይጸናም። መቀመጫዋም ተመራማሪዎች ገብተው የሚያዩበት ሙዚየም ቢሆን ነው የሚበጀው። የሰው ቤት ውስጥ የተቀመጠ ናሙና ከባለቤቱ ጋር ይጠፋል።

ስሙን በአማርኛ ማውጣት ይቻላል? (እዚሁ ሱሉልታ)

ይቻላል። በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ቃሉ ከየትም ቋንቋ ቢመጣ ሕጉ አይከለክልም። ምሳሌው እዚሁ አገራችን አለ። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ለጭላዳ ዝንጀሮና ለዋልያ ስም ሲያወጣ የአገሬውን መጠሪያ ወስዷል፤ ገላዳ እና ዋሊ እያለ ነው የጻፋቸው። በራስ ስም መሰየምን ሕጉ በቀጥታ ባይከለክልም ነውር ነው።

ልጄ፣ ይበላል እንዴ? (አንዲት እናት፣ ቡራዩ)

እኛ ዘንድ አይበላም እማዬ። ሃዋይ ግን እውነተኛውን ሊምፔት አጣጥመው ይበሉታል፤ ሐሰተኛዋን መራራ ብለው ይተዋታል። ስትነካ ነጭ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ታወጣለች፤ አዳኞቿም አይወዱትም።

ከተገኘች በኋላ ስም እስኪወጣላት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ልዩ ልዩ ሕያዋንን አይቶ፣ ናሙናው ከተሰበሰበ በኋላ ዝርያው እስኪገለጽ በአማካይ 21 ዓመት ያልፋል ይላል። ያሳዝናል። ናሙናው አለ፣ ሙዚየሙ አለ፤ ቁጭ ብሎ የሚያየው ባለሙያ ነው የጠፋው።

እኛ ባሕር የለን፤ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል? (ጡረተኛ፣ ለገጣፎ)

አባባ፣ ጥያቄዎን ወድጄዋለሁ። በመጀመሪያ ባሕሩ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ከፉሪ ለቡ በባቡር ጅቡቲ ይገባል። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ድንጋያማ ዳርቻዎች ላይ ሲፎናሪያ አለች። መሬታችንም ቢሆን የባሕር ታሪክ አለው። ሙገር ለሲሚንቶ የሚቆፈረው የኖራ ድንጋይ ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን ባሕር ሥር የተጋገረ ነው። አፋር ዝቅተኛ ስፍራ ላይም ከ120 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የዛጎልና የኮራል ክምር ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይገኛል።

ቀንድ አውጣን ለይቶ ማወቅ ደግሞ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት የተወሰኑ የወንዝና የሐይቅ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ልብስ የሚታጠብበት ወንዝ ዳር የሞቱትን አይተው ነው። የትኛዋ በሽታውን እንደምትሸከምና የትኛዋ እንደማትሸከም ካልተለየ ግን መድኃኒቱ ያለ ቦታው ይፈስሳል።

ታዲያ እዚህ ከየት ልጀምር? (ያው የለገጣፎው ተማሪ)

ከጅረት ጀምር። በደጋ ወንዞቻችን፣ ንጹሕና ፈጠን ያለ ውኃ ባለበት፣ ድንጋይ ላይ የምትለጠፍ አንሲለስ የምትባል ሚጢጢ ቀንድ አውጣ አለች። ከአንድ ሳንቲ ሜትር አትበልጥም። ቅርጿ የሊምፔት ነው፤ ግን ይህን ቅርጽ ያገኘችው ለብቻዋ ነው። ወገኖቿ ሳንባ አላቸው፣ እሷ የላትም።

ድንጋዩን ቀስ ብለህ ገልብጥ፣ ካየህ በኋላ እንደነበረ መልሰው። ከላይ፣ ከጎንና ከጠርዙ በኩል ፎቶ አንሣ፤ ማስመሪያ አጠገቧ አድርግ። ቦታውን፣ ቀኑን፣ የውኃውን ፍጥነት ጻፍ። ሰብስበህ ለምርምር ልትወስድ ካሰብክ ግን ቀድመህ ትምህርት ቤትህን አማክር፤ የዘረመል ሀብትን ለምርምር ለመጠቀም በአዋጅ 482/1998 መሠረት ፈቃድ ይጠየቃል፣ ፈቃዱን የሚሰጠውም የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።