ከጣቢያው መዝገብ ጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ባሕር ዳር ላይ ለፖሊስ አባላት የሰብአዊ መብት ሥልጠና እንድትሰጪ፣ በአሠራራቸው ላይም የማሻሻያ ሐሳብ እንድትጽፊ ተጠይቀሻል፤ ከየት ልጀምር ነው የምትይው። እኔ ይህንኑ ሥራ እዚሁ ከተማ ሠርቼዋለሁ። «ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን በደንብ አንብቢ» ያሉሽን ለጊዜው እርሺያቸው። የሕግ ሰው ነሽ፣ ታውቂዋለሽ። ጣጣው ሌላ ነው።

1ኛ፦ ስላይድሽን በተባበሩት መንግሥታት የሕግ አስከባሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ አትክፈቺ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ጥሩ ሰነድ ነው፤ ግን በእሱ ከጀመርሽ አዳራሹ በሙሉ ስልኩን ያወጣል። «የፈረንጅ ነው» ይሉሻል። ሕገ መንግሥቱን ይዘሽ ግቢ። የተያዙ ሰዎችን መብት የሚዘረዝረውን አንቀጽ 19ን ሁሉም ያውቀዋል፤ ችሎት ፊት ቆሞ የተገሠጸበት ሞልቷል። ፈረንጅ ፈረንጅ ለሚልሽ ደግሞ አንቀጽ 9 ንኡስ አንቀጽ 4 አለልሽ። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ማሰቃየትን የሚከለክለውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1994 ተቀብለናል። ይህን ካስጨበጥሽ በኋላ ስለ ጄኔቫ ብታወሪም የሚያቋርጥሽ የለም።

2ኛ፦ ማን እንደሚሠለጥን ደብዳቤሽ ላይ በሥራ መደብ ዘርዝሪ። ይህን የምልሽ አንጀቴ አሮ ነው። አንድ ቢሮ አለ፤ ስሙን አልጠራም። ደብዳቤ አስገባሁ፣ ጠፋ ተባለ። ሌላ አስገባሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ አታየኝም፤ ሻይዋን እያማሰለች «ነገ ተመለስ» ትላለች። ነገ ስሄድ ፊርማ የሚመለከተው ሌላ ክፍል ነው። እዚያ ስሄድ ደግሞ መጀመሪያ የነበርኩበት ክፍል ነው። በመጨረሻ አንድ ሰውዬ ፊት ደረስኩ። ደብዳቤውን ሳያነብ ወደ ጎን ገፋ አደረገና «እናንተ ሌባ ስንይዝ ለሌባው ትጮኻላችሁ፣ ስንለቀው ደግሞ ለተሰረቀው» አለኝ። ቀጠለና «አበሉ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አበል መኖሩን ሲሰማ ፊቱ በራ። ፊርማውም ወዲያው ተገኘ።

የሥልጠናው ቀን ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ከንብረት ክፍል፣ ከሰው ኃይል፣ ከትራፊክ። ሰዎቹ ጨዋዎች ናቸው፣ ምንም አልወጣቸውም። ተጠርጣሪ ቃሉን ሲሰጥ አጠገቡ የሚቀመጥ መርማሪ ግን የለም። ለምን ብዬ ብጠይቅ «መርማሪዎቹ ሥራ ላይ ናቸው» ተባልኩ። እኔስ የመጣሁት በማን ሥራ ጉዳይ ሆነና!

ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ መርማሪ፣ የጣቢያ ኃላፊ፣ ተረኛ ፖሊስ፣ የማረፊያ ክፍል ጠባቂ። በተለይ ተረኛውን አትርሺ። ሌሊት ሰው ሲያዝ የሚቀበለው እሱ ነው። የደብዳቤውን ቅጂ ደግሞ ቀን አስጽፈሽ አስፈርሚ። ያኔ የሚጠፋ ደብዳቤ አይኖርም።

3ኛ፦ የጣቢያውን መዝገብ አስመጪ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

በሚቀጥለው ዙር ትክክለኛዎቹ ሰዎች መጡ። ስለ 48 ሰዓቱ እንከራከር ነበር። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ለጉዞ በተገቢ ግምት የሚያስፈልገው ጊዜ አይቆጠርም። እዚህ ጣና አለ። አንዱ ተነሥቶ «ደቅ ደሴት ላይ የተያዘስ? ጀልባ ባይገኝ፣ ማዕበል ቢነሣ?» አለ። ጓደኛው ከኋላ «አንተ ደቅን መቼ ረግጠህ ታውቃለህ? መናኸሪያ አጠገብ አይደል የምትሠራው!» አለው። አዳራሹ በሳቅ ሞቀ። ጥያቄው ግን ጥሩ ነበር። ማዕበል አልፎ ጀልባ እስኪነሣ መጠበቅ የጉዞ ጊዜ ነው። መርማሪው ከፈቃድ እስኪመለስ መጠበቅ አይደለም። ቅዳሜና እሑድንም ሕገ መንግሥቱ አልቀነሰም።

ይኼኔ ጠዋቱን ሙሉ ዝም ብለው የዋሉ አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ ዋና ሳጅን «መምህር፣ እኛ እኮ ሰዓት አንጽፍም» አሉ።

መዝገቡን አስመጣን። ጠርዙ የተላላጠ ትልቅ ደብተር ነው። ተራ ቁጥር፣ ስም ከነአያት፣ አድራሻ፣ የተጠረጠረበት ወንጀል፣ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን። ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ገበያ ላይ የተያዘውና ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ከቤቱ የተወሰደው በመዝገቡ እኩል ናቸው። ቆጠራው የሚጀምረው ደግሞ ሰውየው ከተያዘበት ሰዓት እንጂ ከተመዘገበበት አይደለም። ሰዓቱ ካልተጻፈ ዳኛው በምን ይወቅ? ከሁሉ በላይ ተረኛው ራሱ «በጊዜው አቅርቤያለሁ» ብሎ የሚከራከርበት ወረቀት የለውም። ስለ ሰብአዊ ክብር ስናገር ሲያዛጋ የነበረ ሁሉ እዚህ ላይ ማስታወሻ አወጣ።

ሳጅኑ ማስመሪያ አስመጡ። በቀይ እስክሪብቶ ሁለት አምድ አሰመሩ፦ የተያዘበት ሰዓት፣ ጣቢያ የደረሰበት ሰዓት። እጃቸው ትንሽ ስለሚንቀጠቀጥ መስመሩ ጫፉ ላይ ጎበጥ ብሏል። እኔ የጻፍኩት የማሻሻያ ሐሳብ ግማሹ ከዚያ መስመር ነው የተነሣው። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የሉዋንዳ መመሪያ ሰው የተያዘበት ምክንያት፣ ቀንና ሰዓት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ለሳጅኑ «እርስዎ ያሰመሩት አህጉራዊ ድጋፍ አለው» ብላቸው ደስታቸውን አልቻሉትም። እኔም ኮራሁ፣ ምን እደብቅሻለሁ።

ቁጥሩን ተውኩት፤ የቀረውን እንዲሁ ልንገርሽ። ስለ ድብደባ ስታወሪ አትስበኪ። «ሳይቀምስ የሚናገር ሌባ የለም» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ከእሱ ጋር አትሟገቺ፤ ዐቃቤ ሕግ ጋብዢና እሱ ይመልስለት። በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ ሆኖ እንደማይቀርብ አንቀጽ 19 ይናገራል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ደግሞ ወንጀለኛ የሚያደርገው የደበደበውን ነው። እኛ ጋ የመጣው ዐቃቤ ሕግ ይህን ሲያስረዳ ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ብለው ኖሮ «ይቺ የጠበቃ ወሬ» ይሉኝ ነበር።

ቋንቋንም አንሺ። ከአዊ የመጣ፣ አማርኛው የማይበቃው ተጠርጣሪ አለ። የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ መስማት መብቱ ነው። አውንጊ የሚችል ባልደረባ በየፈረቃው ማን እንደሆነ ስም ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ብለሽ ጻፊ። ብር አይጠይቅም፣ «በጀት የለም» ሊሉሽ አይችሉም።

አንድ ጥያቄ እንደሚመጣ ከአሁኑ እወቂ፦ «አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅስ?» እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። በድፍኑ «መብት አይነካም» ካልሽ ሕግ ያነበበ አንዱ ተነሥቶ ያሳፍርሻል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት በምንም ሁኔታ የማይገደቡት አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና የ39 ንኡስ አንቀጽ 1 እና 2 ናቸው። አንቀጽ 19 እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ 48 ሰዓቱ በአዋጅ ሊገደብ ይችላል በያቸው። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው 18 ግን አዋጅ ኖረ አልኖረ አይነካም። አንቀጽ 93ን በወረቀት አትመሽ ያዢ፤ መብራት ሲጠፋ ስላይድሽ አብሮ ይጠፋል።