«ብርድ ይገባል» ወይስ «ሙቀት ይወጣል»?

ጥያቄ፦ «የ7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ልጆቹ ‹በሩ ይዘጋ፣ ብርድ ይገባል› ሲሉ ‹ብርድ የሚባል ነገር አይገባም፤ የሚወጣው ሙቀት ነው› እያልኩ አርማቸዋለሁ። አማርኛ የሚያስተምር ባልደረባዬ ግን ቋንቋቸውን እያበላሸሽ ነው አለኝ። ማናችን ነን ልክ? ደግሞስ የሚጻፈው ‹ነፋስ› ነው ‹ንፋስ›?»

መልስ፦ መምህርት፣ በበሩ ጉዳይ ልጆቹ ልክ ናቸው። በአማርኛውም በሳይንሱም። የእርስዎ እርማት የሚያስፈልግበት ሌላ ቦታ አለ፤ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። «ብርድ» እና «ቅዝቃዜ» አንድ ይመስላሉ፤ አብረዋቸው የሚሄዱት ግሶች ግን ይለያያሉ። ብርድ ይገባል፣ ይመታል፣ ይገርፋል። ቅዝቃዜ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። «የውኃው ቅዝቃዜ» እንላለን እንጂ «የውኃው ብርድ» አንልም። «ብርድ መታኝ» ይባላል፤ «ቅዝቃዜ መታኝ» ግን ጆሮ ይኮረኩራል። ተናጋሪው ሳያስበው ለይቶታል ማለት ነው፦ ቅዝቃዜ የአንድ ነገር ጠባይ ነው፣ ብርድ ግን ብዙ ጊዜ ከውጭ መጥቶ የሚነካን ቀዝቃዛ አየር ራሱ ነው። («ብርዱ ገባ» ብለን ወቅቱን ስንጠራ «ገባ» እንደ «ክረምት ገባ» ጀመረ ማለት ነው፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።)

አየር ደግሞ በእርግጥ ይገባል። ክፍሉ ሞቆ ውጭው ሲበርድ በሩን ገርበብ ያድርጉና ሻማ ይዘው ይሞክሩት። ሻማውን ከበሩ ግርጌ ሲያስጠጉት ነበልባሉ ወደ ውስጥ ይዘማል። ከጉበኑ አጠገብ ከፍ ሲያደርጉት ወደ ውጭ ይዘማል። መሐል ላይ ዝም የሚልበት ቦታ አለ። ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ከታች ይገባል፣ ሞቃቱ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይወጣል፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ስለዚህ «ብርድ ይገባል» ያለው ልጅ የበሩን ግርጌ ተናገረ፣ እርስዎ የተናገሩት ጉበኑን ነው። ይህን ሙከራ ክፍል ውስጥ ቢያሳዩአቸው ከአሥር እርማት ይበልጣል ባይ ነኝ።

እርስዎ ልክ የሚሆኑት አየር በማይንቀሳቀስበት ቦታ ነው። ልጁ በጠዋት የብረት በር ጨብጦ «ብርዱ እጄ ውስጥ ገባ» ቢልዎት፣ እዚያ ምንም የገባ ነገር የለም። ሙቀት ከእጁ ወደ ብረቱ ሄደ። የእንጨቱ በር ከብረቱ ጋር እኩል ቀዝቅዞ ሳለ ያን ያህል የማይቆረቁረው ሙቀትን ቶሎ ስለማይወስድ ነው። ጋቢም እንዲሁ፤ «ጋቢው ያሞቃል» ብንልም ጋቢ የራሱ ሙቀት የለውም፣ በድሩ መሐል አየር አስሮ ይይዛል፣ የታሰረ አየር ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም ማለት ይቻላል። አነጋገሩን ይተዉት፤ ምክንያቱን ብቻ ያስረዱ።

አሁን ወደ ውርጭ ልውሰድዎት፣ ምክንያቱም ቋንቋችን ስለ ሙቀትና አየር የሚያውቀውን እንደዚህ የሚያሳይ ቃል የለም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው በከንቱ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀኑ ከሐምሌ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ግን ከሐምሌ ይብሳል። ክረምት ላይ መሬት በሌሊት ወደ ሰማይ የምትለቀውን የሙቀት ጨረር ደመናው ይይዝና ብዙውን ይመልስላታል። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ የሚመልስ የለም፤ መሬት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቷን ትለቃለች። ከዚያ መሬቱን የነካው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ እንደ ውኃ ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ጎድጓዳው ይፈሳል። ለዚህ ነው ረባዳው ላይ ያለውን ባቄላ ውርጭ ሲመታው ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ የተዘራው የሚተርፈው። «ውርጭ ወረደ» ሲባል ከሰማይ ወረደ ማለት ከሆነ ስህተት ነው፤ ቅጠሉ ላይ የሚታየው ነጩ አመዳይ እዚያው የሚሠራ ነው። ብርዱ ግን ከተራራው በእርግጥ ይወርዳል። ግሱን ማን እንደመረጠው አላውቅም፣ የመረጠው ሰው ግን ማሳውን ያውቃል።

የሚታረመው አባባል እነሆ፦ «ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል»። ይህን በመማሪያ ቁሳቁስ ላይ ሳይቀር ታዩታላችሁ፤ ልጆች በዚህ ይሳሳታሉ። ሙቀት አቅጣጫ የለውም። ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፣ ላይም ይሁን ታች፣ ጎንም ይሁን። የሚወጣው ሞቃት አየር ነው። «ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል» ይበሉ፣ አንዲት ቃል ብቻ ነው የምትጨመረው።

ልዩነቱ ትንሽ ከመሰላቸው አንድ ነገር ይጠይቋቸው። ሙቀት ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ራስ ዳሽን ለምን ይበርዳል? ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ከባሕር ወለል በታች ያለው ዳሎል ደግሞ በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲለካ ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ 34 ዲግሪ አልፎ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፀሐይ በዋናነት የምታሞቀው መሬቱን ነው፣ መሬቱ ደግሞ አየሩን ከሥር ያሞቀዋል። የሞቀው አየር ሲወጣ ከላይ የሚጫነው አየር እየቀነሰ ስለሚሄድ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፤ ደረቅ ከሆነ በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ገደማ። እንዲያው በአማካይ ከባቢ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የምንለው ይህንኑ ነው። የወጣው አየር እርጥበት ካለው ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል፤ በክረምት ጠዋት ጠርቶ የዋለ ሰማይ ከሰዓት በኋላ በረዶ ቀላቅሎ የሚያወርደው በዚህ መንገድ ነው።

ያው የበሩ ነገር በዓለም ስፋትም አለ። እንግሊዛዊው ጆርጅ ሃድሊ በ1735 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጻፈው ይህን ነው፤ በምድር ወገብ አካባቢ የሞቀ አየር ይነሳል፣ በላይ በኩል ወደ ሰሜንና ደቡብ ይሄዳል፣ ከታች ቀዝቃዛው ቦታውን ሊይዝ ይመጣል። ዛሬ እንደምናውቀው አየሩ 30 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ ላይ ደርቆ ይወርዳል። ሰሐራና የዓረብ በረሃ እዚያ ናቸው። በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣብን ደረቅ ነፋስም የዚሁ ዝውውር ክፍል ነው። «ነፋስ ተነሳ» ማለታችንም ያምራል፣ ነገር ግን ነፋሱ የሚመጣው ሌላ ቦታ አየር ስለተነሳ መሆኑን ለልጆቹ ያክሉላቸው።

ለሁለተኛው ጥያቄ አጭር መልስ፦ ከግዕዝ የመጣው «ነፋስ» ነው፣ በአፍ «ንፋስ» እንላለን። ሁለቱም ይጻፋሉ፣ «ንፋስ» ያለ ተማሪ ነጥብ ሊቆረጥበት አይገባም። ለመማሪያ ጽሑፍ ግን «ነፋስ»ን ይያዙ፤ አውሎ ነፋስም በእሱ የተለመደ ነው። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ አይቀላቅሉት።