ዜናውን ማን ጻፈው?

ልጆች፣ ጋዜጣ ለምን አታነቡም ብዬ ልቆጣችሁ አይደለም። የወረቀት ጋዜጣ እንደ ድሮው ይመለሳል የሚል ተስፋም የለኝም። ዕድሜዬን በዝግጅት ክፍል ነው ያሳለፍኩት፤ ሥራው እንዴት እየሳሳ እንደመጣ አይቻለሁ። ወረቀቱ ከውጭ ነው የሚገባው፤ ዶላር ሲወደድ የኅትመት ዋጋ አብሮ ይንራል። ብዙ ወጣት ጋዜጣ የሚገዛው ለሥራ ማስታወቂያው ነበር፤ ያ ደግሞ ዛሬ በቴሌግራም በነጻ ይገኛል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላም ብዙ ጋዜጦች ተዘግተዋል፤ ጋዜጠኞች ታስረዋል፣ ተሰደዋል። ስለዚህ ጋዜጣን የገደለው ኢንተርኔት ብቻ ነው ሲባል አልስማማም።

ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ የነበረውን አራት ኪሎ ብታዩት ደስ ይለኝ ነበር። አዟሪዎቹ ጋዜጣ ይሸጣሉ፣ ያከራያሉም። መግዣ የሌለው በሳንቲም ተከራይቶ፣ እዚያው ጥጉን ይዞ አንብቦ ይመልሳል። አንዱን ሲጨርስ ሌላውን ይቀበላል። መንግሥትን የሚደግፈውንም የሚቃወመውንም በአንድ ቁጭታ የሚያነብ ሰው ነበር። አሁን ስልካችሁ የወደዳችሁትን አይቶ እሱኑ ደጋግሞ ያመጣላችኋል። የማትስማሙበትን ሐሳብ ሄዳችሁ ካልፈለጋችሁት አታገኙትም። ፈልጉት።

ከዚያ ዘመን በተለይ እንድታውቁት የምፈልገው ግን ሌላ ነው። በየጋዜጣው ውስጥ፣ ብዙ አንባቢ ልብ የማይላት አንዲት ጥግ ነበረች። የዋና አዘጋጁ ሙሉ ስም፣ ቀበሌው፣ የቤት ቁጥሩ ሳይቀር ይጻፍባታል። አሳታሚውና ማተሚያ ቤቱም አሉ። ሕጉ ያስገድድ ነበር። ለቁጥጥር የተደረገ ነው የሚሉ ነበሩ፤ እውነትም ብዙ አዘጋጆች በስማቸው ወጥቶ ለተነበበው ጽሑፍ እስር ቤት ገብተዋል። ለአንባቢው ግን ትልቅ ዋስትና ነበር። ተበደልኩ ያለ ሰው ቢሮ ድረስ መጥቶ ይሟገታል፤ ማስተባበያ አውጡልኝ ይላል። ስሙ እንደሚታተም የሚያውቅ አዘጋጅ ደግሞ ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ሪፖርተሩን ያፋጥጣል። ማን ነገረህ? ሌላኛውን ወገን ጠይቀሃል? ሰነዱ የታለ?

ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚከተሉት ገጽ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሲሳሳት ልጥፉን ያጠፋዋል፤ በቃ። እስከዚያ ግን ስንቱ አጋርቶታል! በዚህች አገር ወሬ ሰው ያስገድላል፤ ይሄን እናንተም አይታችኋል። ከሌላ አገር፣ ከሌላ ዓመት የመጣ የሬሳ ፎቶ «አሁን የደረሰን» ተብሎ ሲዞር ሳይ እንቅልፍ አጣለሁ። እባካችሁ ከማጋራታችሁ በፊት ጥቂት ቆዩ። ፎቶው ከዚህ በፊት ወጥቶ እንደሆነ ፈልጉ። በስሙ የሚጠየቅ ሌላ ሚዲያ ዘግቦት እንደሆነ እዩ። ካላገኛችሁ ተዉት፤ እናንተ ባታጋሩት የሚቀርበት ሰው የለም።

ደግሞ ጊዜ ስታገኙ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ግቡና የድሮ ጋዜጦችን አስወጥታችሁ አገላብጡ። በ1933 ዓ.ም. የተጀመረው አዲስ ዘመን በየዘመኑ ምን ይል እንደነበር፣ በ1966 ዓ.ም. ቋንቋው እንዴት እንደተለወጠ ራሳችሁ ታያላችሁ። መንግሥት ቢለወጥም የታተመው አልተለወጠም። የዛሬው ልጥፍ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የት ይገኛል? ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ቁም ነገር ያለው ጽሑፍ ስታገኙ ከነቀኑ፣ ከነጸሐፊው ስም አስቀምጡት።

ከእናንተ መካከል ቻናል የከፈታችሁ፣ ዜና የምትሠሩ ብዙዎች ናችሁ። ለእናንተ የምለው አለኝ። ስማችሁንና የምትገኙበትን አድራሻ ገጹ ላይ አስቀምጡ። የተወቀሰ ሰው መልስ ሲልክ አውጡለት። ስትሳሳቱም ልጥፉን አታጥፉት፤ እርማቱን እዚያው፣ ከነቀኑ ጻፉበት።