ነጭ ወይን ጠጅህ ለምን ቡናማ ሆነ?

ከፖርቱጋል፣ ከአልሜይሪም የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ፈርናው ፒሬሽ የተባለውን ነጭ የወይን ዘርህን በሴፕቴምበር መጨረሻ ለቅመህ 50 ሊትር ጠምቀሃል። በጃንዋሪ ቀለሙ ቡናማ እየሆነ መጣ፤ የአበባ ሽታው ጠፍቶ ተቆርጦ ያደረ ፖም ይሸታል።

ጥርጣሬዬን ልንገርህ፤ ዘግይተህ ለቅመሃል። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲዱ ደከመ ማለት ነው) 3.6ን ሳያልፍ አይቀርም። (ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተህ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አትድከም።) ይህ ወይን ቶሎ ይበስላል፣ በእናንተ አካባቢ፣ በቴዡ ሙቀት ደግሞ አሲዱ በቀናት ውስጥ ይወርዳል። ባይራዳ በተባለው ሌላ የፖርቱጋል የወይን አገር ማሪያ ጎሜሽ የሚሉት ይኸው ዘር ነው፤ እዚያ አረፋማ ጠጅ ስለሚሠሩበት አሲዱ ሳይወርድ ይለቅሙታል።

"ሰልፋይት እኮ ጨምሬያለሁ" ብለሃል፤ ጠጁን ከአየርና ከተህዋሲያን የሚጠብቀውን ማለትህ ነው። እዚህ ላይ ታገሰኝ። ጠጅ ውስጥ የገባ ሰልፋይት ሁሉ አይሠራም። ከፊሉ ከሌላ ነገር ጋር ይጣበቃል። ነፃ ከሆነውም ጥቂቱ ብቻ ነው ተህዋሲያንን የሚገድለው፤ ያ ጥቂት ምን ያህል እንደሚሆን የሚወስነው ፒኤች ነው። ፒኤች 3.2 ላይ በሊትር 21 ሚሊግራም ገደማ ነፃ ሰልፋይት የሚሰጠውን ጥበቃ፣ 3.6 ላይ ለማግኘት 50 ያስፈልግሃል። 3.8 ላይ ወደ 80 ይጠጋል። ስለዚህ "አንድ ማንኪያ ጨምር" ያለህ ሰው ፒኤቹን ሳይጠይቅ ነው የመከረህ። ቤንቶናይት (ጠጅ የሚያጠራ የሸክላ ዱቄት) ያስደፋህም እንደዚያው። ቤንቶናይት ፕሮቲን ነው የሚያወርደው፤ ቡናማውን አይነካም።

በወረቀት መለኪያ አትለካ፣ ገንዘብ ማባከን ነው። ደህና ፒኤች ሜትር ተዋስ። መጀመሪያ በ1 ሊትር ላይ ሞክር፤ 1 ግራም ታርታሪክ አሲድ (የወይኑ የራሱ ዋና አሲድ) ፒኤቹን በ0.1 ገደማ ያወርዳል። እኔ ከ2 ግራም በላይ አልገፋም፣ ጣዕሙ ይበላሻል። አሲዱን ጨምረህ አማስል፣ በማግስቱ ለካ፣ ከዚያ ነው ሰልፋይቱ። ለ50 ሊትር 30 ሚሊግራም በሊትር ለመጨመር 2.6 ግራም ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት (ሰልፋይቱን የሚሰጠው ዱቄት) ይበቃል። ከጥቂት ቀን በኋላ ነፃውን አስለካ።

አደራ፦ አሲዱንና ሰልፋይቱን በአንድ ባልዲ አትበጥብጥ! የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ አስም ላለበት ሰው ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። በርና መስኮት ክፈት።

ለቡናማው ኬዚን የሚባለው ፕሮቲን ይረዳል፤ እሱንም በትንሹ ሞክረህ። ከወተት የሚሠራ ስለሆነ አለርጂ ላለበት እንግዳ ሳትናገር እንዳትቀዳ። የጠፋው ሽታ ግን አይመለስም።

ጠጁን ያስቀመጥክበት ያ ርካሽ ፕላስቲክ በርሜል ይጣል። አየር በግድግዳው ያልፋል፣ ክዳኑም አይገጥምም። ጠጁን በመስታወት ዴሚጆን (አንገቱ ጠባብ በሆነ ትልቅ ጠርሙስ) እስከ አንገቱ ሙላው።

በሚቀጥለው ዓመት ከኦገስት አጋማሽ ጀምረህ ጭማቂውን ለካ። 3.3 አካባቢ ሲደርስ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ልቀም። ያኔም አሲድ መጨመር ካስፈለገህ፣ አሲዱ ለብቻ፣ ሰልፋይቱ ለብቻ።