የማጀት ጥያቄዎች፦ ካጁን ቅመም በቤታችን

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በምግብ ቤቶቻችን ሜኑ ላይ ከዶሮና ከአሳ ስም አጠገብ እየተጻፈ በመጣው ካጁን ቅመም ላይ ነው። ካጁን የአሜሪካዋ የሉዊዚያና ግዛት ምግብ ነው። ስሙ የተገኘው «አካዲያን» ከሚለው ቃል ነው፦ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1755 ጀምሮ ከዛሬዋ ኖቫ ስኮሺያ ያባረሯቸውና በኋላ ብዙዎቹ ሉዊዚያና የሰፈሩት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ናቸው።

ጤና ይስጥልኝ። ፓፕሪካ (የማያቃጥለውን ቀይ የቃሪያ ዱቄት) ስላላገኘሁ በቤት በርበሬ ካጁን አዘጋጅቼ ዶሮ ጠበስኩበት። ጣዕሙ ግን መረቅ የሌለው ዶሮ ወጥ ሆነ። ምን አጠፋሁ? (አንዲት አንባቢ፣ ከፒያሳ)

ጥፋቱ የበርበሬው ነው። በርበሬ ብለን ከማጀት የምናወጣው ነገር አንድ ቅመም ሳይሆን ያለቀለት ቅልቅል ነው። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ አዝሙዱ፣ ጤና አዳሙ ገብቶበታል። ኦሬጋኖ ቢጨምሩበትም ኮረሪማው አያስወጣውም። ሚጥሚጣም እንደዚያው ነው፤ ተፈጭቶ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ጨውና ኮረሪማ አለበት። ለካጁን የሚያስፈልገው ያልተቀመመው፣ ብቻውን የተፈጨው ነው። ሲገዙ «ያልተቀመመ» ብለው ይጠይቁ፤ ካልሆነ ዛላውን ገዝተው ራስዎ ይፍጩት።

መጠኑ ይህ ነው፤ ማንኪያው ሁሉ ላዩ የተላገ ይሁን። 3 የሾርባ ማንኪያ ፓፕሪካ፣ 1 ተኩል የሾርባ ማንኪያ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የቀይ ሽንኩርት ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የደረቀ ኦሬጋኖ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጦስኝ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ነጭ ቁንዶ በርበሬ እና 1 የሻይ ማንኪያ ያልተቀመመ ሚጥሚጣ። የሉዊዚያና ሰዎች በሚጥሚጣው ቦታ ካየን የሚባለውን ቃሪያ ነው የሚጠቀሙት፤ የእኛው ሚጥሚጣ ስለሚበረታ ለሁለት ማንኪያ ካየን አንድ ይበቃል። ጨው አልገባም፤ ለምን እንደሆነ ከታች ይመጣል።

ፓፕሪካ ቀለምና ለስላሳ ጣፋጭነት እንጂ ማቃጠል አይሰጥም። እሱን ለመተካት የማረቆን የመሰለ ደማቅ ቀይ ዛላ ይምረጡ። ዛላውን ሰንጥቀው ፍሬውንም፣ ፍሬው የተያያዘበትን ነጭ ጅማትም አውጥተው ይጣሉ፤ ማቃጠሉ በብዛት ያለው ጅማቱ ውስጥ ነው። ጓንት ያድርጉ። 50 ግራም ዛላ ከግማሹ ትንሽ በለጥ ያለ ይቀርልዎታል፣ ለሦስቱ ማንኪያ ይበቃል። አያምሱት፤ ፀሐይ ላይ አድርቀው ይፍጩና በወንፊት ይንፉት። እንዲህም ሆኖ ከፓፕሪካ ይልቅ ስለሚያቃጥል ሚጥሚጣውን ሙሉ በሙሉ ይተዉት፤ ቀምሰው ካነሰ ያን ጊዜ ይጨምሩ።

ጦስኝን በተመለከተ እድለኞች ነን። ለሻይ የምንጠቀምበት የደጋው ጦስኝ ከፈረንጁ ታይም ጋር አንድ ወገን ነው፣ ሽታው ግን ወደ ኦሬጋኖም ያደላል። ኦሬጋኖ ያጣ ሰው ሁለቱንም በ1 የሾርባ ማንኪያ ጦስኝ ብቻ ሊተካ ይችላል። እንጨቱን ለይተው ቅጠሉን ብቻ በእጅዎ ፈትገው ያስገቡ፤ ከዛላው ጋር አብረው ቢፈጩት ዱቄቱ ይጠቁራል፣ መረር ይላል።

በቆርቆሮ የሚሸጠውን ካጁን ገዝቼ አንድ ኪሎ ዶሮ ላይ አራት የሾርባ ማንኪያ ነሰነስኩ፣ እንደ ልማዴም ጨው ጨመርኩ። ማንም አልበላውም። (ከሜክሲኮ አካባቢ)

ቆርቆሮውን ገልብጠው ያንብቡ። የቅመሞቹ ዝርዝር የሚጻፈው ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው። ጨው መጀመሪያ ላይ ከተጻፈ የገዙት ቅመም የገባበት ጨው ነውና ሌላ ጨው ጠብ አያድርጉበት። በቤት የሚዘጋጀውን ያለ ጨው የምናደርገው ለዚህ ነው፦ ቅመሙን እንደ ፍላጎት፣ ጨውን እንደ ሥጋው ክብደት ለመለካት። አጥንት ለሌለው 1 ኪሎ ሥጋ 2 የሾርባ ማንኪያ ቅመምና 2 የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው (12 ግራም ገደማ) ልኩ ነው። ከነአጥንቱ ከሆነ ጨው 1 ተኩል ይብቃው።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ዶሮውን በሎሚና በጨው ካጠቡት በንጹሕ ውኃ ደጋግመው ያለቅልቁ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት እስኪደርቅ ይጥረጉት። ያልለቀቀው ጨው ከቅመሙ ጨው ጋር ይደመራል፤ እርጥብ ቆዳ ላይ ደግሞ ዱቄቱ አይዝም፣ ተንሸራትቶ መጥበሻው ውስጥ ያርራል። ጨው የበዛበትን ዶሮ አይጣሉት። ፈልፍለው ያለ ጨው ከተቀቀለ ድንች ወይም ሩዝ ጋር ያዋህዱት።

አሳ ላይ ካጁን ነስንሼ በንጥር ቅቤ ጠበስኩ። ውጩ ከሰል፣ ውስጡ ጥሬ። ቤቱ በጭስ ታፍኖ ጎረቤት በር አንኳኳ። (ከስድስት ኪሎ)

የሞከሩት «የጠቆረ አሳ» የሚባለውን ነው። ዝነኛ ያደረገው ሼፍ ፖል ፕሩዶም እ.ኤ.አ. በ1979 ኒው ኦርሊንስ በከፈተው ኬ-ፖልስ በተባለው ምግብ ቤት ነው። ሬድፊሽ የሚባለውን የባሕር አሳ ይጠቀም ነበር፤ ፈላጊው ከመብዛቱ የተነሳ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አሳውን ለንግድ ማስገር እስከ መገደብ ተደርሷል።

የመጀመሪያው ስህተት ቅቤው ነው። ቅቤ ሲነጠር የወተቱ ተረፈ (ያ ከታች የሚዘቅጠው) ተለይቶ ይወጣል። አሳውን የሚያጠቁረው ግን ቅመሙ ከዚያ የወተት ተረፈ ጋር ሲጠበስ ነው። ስለዚህ ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ ይጠቀሙ፤ ንጥሩ በላዩ ኮሰረቱንና ኮረሪማውን ይዞ ስለሚመጣ የፒያሳዋን አንባቢ ችግር ይደግማል። ሁለተኛው ውፍረቱ ነው። ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የቆሮሶ ሥጋ ይስማማል። ወፍራም የናይል ፐርች ከሆነ በአግድም ይሰንጥቁት፤ አለዚያ ውስጡ እስኪበስል ውጩ ይነዳል። በረዶው ያልለቀቀ አሳም መሃሉ ጥሬ ይቀራል።

አሠራሩ ፈጣን ስለሆነ ሁሉንም አሰናድተው ይጀምሩ። ከባድ የብረት መጥበሻ ዘይት ሳይነካው ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይጋል፤ የውኃ ጠብታ ወዲያው ተንጨርጭሮ ሲጠፋ ደርሷል። ኖንስቲክ መጥበሻ ለዚህ ፈጽሞ አይሆንም፣ ባዶውን ሲግል ሽፋኑ ይበላሻል። ስስ የቡና መቁያ ብረትም አሳው ሲያርፍበት ወዲያው ይቀዘቅዛል። ለአራት ቁራጭ 60 ግራም ቅቤ ያቅልጡ፣ አሳውን አድርቀው ጨው ያድርጉበት፣ ቅቤው ውስጥ ነክረው በየገጹ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ቅመም ይንስንሱና ደረቁ መጥበሻ ላይ ያሳርፉት። ሁለት ደቂቃ፣ አንዴ መገልበጥ፣ ሌላ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ደቂቃ። መሃሉ በሹካ ሲነካ በንጣፍ በንጣፍ ከተለያየ በስሏል። የሚፈለገው ቀለም በደንብ ተቆልቶ ዘይቱን ማውጣት የጀመረ ቡና ነው፤ ከዚያ ካለፈ ይመራል። በአንድ ጊዜ ከሁለት ቁራጭ በላይ አይጫኑ፣ በየመሃሉም የቀረውን ያረረ ዱቄት በወረቀት ይጥረጉ። ሁለተኛው ዙር ሁልጊዜ የሚመርረው ይህ ስለማይደረግ ነው።

ጭሱ አይቀርም። ሚጥሚጣውን በግማሽ መቀነስ ሳሉን ያቀለዋል፣ መስኮት መክፈትም ግድ ነው፤ በረንዳ ላይ ቢሠሩት ይሻላል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆኑና ከጎረቤት ጋር መጣላት ካልፈለጉ በ220 ዲግሪ ኦቭን ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይጋግሩት፤ አይጠቁርም፣ ግን ይጣፍጣል። በጾም የሚሠሩት በዘይት ያድርጉት፣ ቀለሙ ፈዘዝ ይላል። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትዎ እንተዋለን።

ጃምባላያ (የሉዊዚያናውን የሩዝና የሥጋ ምግብ) ሠርቼ ሩዙ ከላይ ጥሬ፣ ከታች አረረ። የተከተልኩት የአሜሪካ አሠራር ነው። (ከአራት ኪሎ)

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በዝቅተኛ ስፍራ 20 ደቂቃ የሚባለው ሩዝ እዚህ 28 እና 30 ይፈልጋል፣ ውኃውም ያን ያህል ጊዜ መቆየት አለበት። ለ2 ኩባያ ረጅም ፍሬ ሩዝ 4 ተኩል ኩባያ የዶሮ መረቅ ይለኩ።

መሠረቱ 2 ቀይ ሽንኩርት፣ 1 የፈረንጅ ቃሪያ እና 2 ግንድ ሰለሪ ነው። እጃችን ቁሌት ስለለመደ እስኪጠቁር ማቁላላት ያምረናል፤ እዚህ ግን እስኪለሰልስ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይበቃል። ቀለሙ የሚመጣው ከሥጋው ነው። መጀመሪያ 250 ግራም የበሬ ቋሊማና 400 ግራም የዶሮ ጭን በደንብ ቡናማ እስኪሆኑ ጠብሰው ያውጡ፣ በዚያው ድስት አትክልቱን አቁላልተው 1 ተኩል የሾርባ ማንኪያ ቅመም ለግማሽ ደቂቃ ብቻ ያዙሩበት፣ መረቁን ጨምረው ታቹን ፋቅ ፋቅ ያድርጉ። ያ ሳይፋቅ የቀረው ነው የሚያርረው። ሥጋውን መልሰው፣ ጨውን ቀምሰው አስተካክለው ሩዙን ይጨምሩ፤ ሲፈላ እሳቱን ዝቅ፣ ክዳኑን ግጥም። አያማስሉት፣ እየከፈቱም አይዩት። ካወጡት በኋላ 10 ደቂቃ ተከድኖ ይረፍ። ቲማቲም የሚገባበት የክሪዮል (የሌላው የሉዊዚያና የምግብ ባህል) ጃምባላያ ነው፤ የካጁኑ ቡናማ ነው።

የነጭ ሽንኩርት ዱቄት በቤት ሳደርቅ ይቀላል፣ ይመራል። (ከሜክሲኮ)

ሙቀት በዝቷል። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቆርጠው በ60 እና በ70 ዲግሪ መሃል ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያድርቁት፣ የኦቭኑ በር በእንጨት ማማሰያ ገርበብ ይበል። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ በሩን ወለል አድርገው ይክፈቱት፣ ተዘግቶ ከቀረ ያልበዋል። ቀጭ ብሎ ሲሰበር ደርቋል፤ ከተለመጠ አልደረቀም። በፀሐይ የሚያደርቁ ከጥቅምት ወዲህ እንጂ በክረምት አይሞክሩት። ከ1 ኪሎ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ከ350 እስከ 400 ግራም፣ ከ1 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ግን 100 ግራም ገደማ ይገኛል። በቡና መፍጫ ከፈጩ አስቀድመው ጥሬ ሩዝ ይፍጩበት፣ የቡናውን ሽታ ይወስደዋል።

ቅመሙ ጠርሙስ ውስጥ ድንጋይ ሆነ። ይጣላል? (ከጊዮርጊስ)

የሽንኩርቶቹ ዱቄት እርጥበት ይስባል፤ በሚፈላ ድስት ላይ ከጠርሙሱ በቀጥታ የሚነሰንስ ሰው ቅመሙን በእንፋሎት እያጠጣው ነው። ሽታው ካልተለወጠ ሰባብረው በ60 ዲግሪ 20 ደቂቃ ያድርቁት። ሻጋታ ከሸተተ ግን ሳይሳሱ ይጣሉት፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በማብሰል አይጠፋም። በደረቅና ጨለማ ቦታ ስድስት ወር መዓዛውን ይዞ ይቆያል።

ድንች ጥብስ ላይ መቼ ይነስነስ? (ከስታዲየም)

ከዘይት እንደወጣ፣ በሞቀበት። ለ1 ኪሎ ድንች 2 የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ከመጥበስ በፊት ከተነሰነሰ ዘይቱ ውስጥ ወርዶ ያርራል፣ ዘይቱንም ለሁለተኛ ጊዜ አይጠቀሙበትም።