በዝናቡ ጊዜ ተመልሳችሁ ሂዱ

ልጆች ሰላም ናችሁ? በተለይ ዘንድሮ ተመርቃችሁ ሳይት ላይ የወጣችሁ የሲቪልና የውሃ ኢንጂነሮች፣ አርክቴክቶችም ጭምር፣ ይሄን የምጽፈው ለናንተ ነው። በዚህ ሙያ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሰርቻለሁ፣ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ነው የቀረኝ፣ ከመውጣቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልነግራችሁ እፈልጋለሁ፣ ነገሩን ደግሞ የተማርኩት ከክፍልም ከሳይትም ሳይሆን ቬትናም ውስጥ ነው።

ቬትናም መሃል ላይ፣ ከዳ ናንግ ከተማ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ፣ ቱ ቦን የሚባል ወንዝ ዳር ሆይ አን የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። መጀመሪያ ያየኋት ለአጭር ስልጠና ዳ ናንግ የከረምኩ ጊዜ ነው፣ ወሩ መጋቢት፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ የቤቶቹ ግድግዳ ቢጫ፣ ማታ ማታ የፋኖሱ መብራት ወንዙ ላይ ሲወርድ ሰው ዝም ብሎ ቆሞ ያያል። ፎቶ አነሳሁ፣ ለባለቤቴ ልብስ አሰፋሁላት (ልብስ ሰፊ በየበሩ ነው)፣ በቃ ከተማዋን አወቅኳት ብዬ ተመለስኩ። አንድ አሮጌ የነጋዴ ቤት ስንጎበኝ የፎቁ ወለል ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ፣ በእንጨት የተከደነ ቀዳዳ አየሁና አስጎብኚዋን ምንድነው ብዬ ስጠይቃት ለጎርፍ ጊዜ ነው አለችኝ። እሺ ብዬ አለፍኩ። የውሃ ኢንጂነር ሆኜ አለፍኩት።

ሁለተኛ የሄድኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ። እዛ ዝናቡ እንደኛ ሐምሌና ነሐሴ አይደለም፣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ ነው፣ የሚብሰው ደግሞ ጥቅምትና ህዳር ላይ። ከባህሩ የሚመጣው የሰሜን ምስራቅ ነፋስ እርጥበቱን ተሸክሞ መጥቶ ከትሩኦንግ ሶን ተራሮች ጋር ይጋጫል፣ ተራሮቹ ለባህሩ ቅርብ ናቸው፣ ወንዙ ከላይ በጣም ቁልቁል ነው ከታች ደግሞ ሜዳ፣ ሆይ አን ያለችው እታች አፉ ጋ ነው። ላይ የዘነበው ውሃ ሳይውል ሳያድር ከተማው ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ባህሩ ሞልቶ ከፍ ያለበት ሰዓት ከሆነ ደግሞ ውሃው መውጫም ያጣል።

የደረስኩ ቀን ውሃው ወንዝ ዳር ያለውን መንገድ ይዞት ነበር። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት አዛውንት ናቸው፣ እንግሊዝኛ የምታወራልኝ የልጅ ልጃቸው ነች። ማታ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ውሃውን አዩ፣ ምንም ሳይናገሩ ገቡ፣ ከዛ ቤተሰቡ በሙሉ ተነሳ። ያ ያለፍኩት ዓይነት ቀዳዳ እነሱም ቤት አለ፣ ክዳኑ ተነሳ፣ ገመድ ወረደ፣ ሩዝ፣ ጨርቅ፣ ሳጥን፣ በመጨረሻ ፍሪጁ ሳይቀር ተጎትቶ ወጣ። አንድም የሚጮህ ሰው የለም። ልጆቹ ሳይቀሩ የትኛው ዕቃ ቀድሞ እንደሚወጣ ያውቃሉ፣ ሞተር ሳይክሎቹ ቀድመው ከፍ ያለ ሰፈር ዘመድ ቤት ሄደዋል። እኔም ገመድ ያዝኩ፣ እየጎተትኩ ግን ቤቱን ዓይኔ ገና ያኔ አየው፣ የእንጨት ምሰሶዎቹ ድንጋይ ላይ የቆሙት ለምን እንደሆነ፣ ቤቱ ጠባብና ረጅም ሆኖ ከፊትም ከኋላም መንገድ ላይ መውጣቱ፣ መሃሉ ላይ ያ ክፍት ግቢ መኖሩ፣ ውሃ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲያልፍ ነው የሚመስለው፣ መጋቢት ላይ ውበት ነው ብዬ ፎቶ ያነሳሁት ነገር ሥራ ላይ ነበር።

ውሃው ሌሊቱን ጉልበት ድረስ ገባ። በነጋታው መጉደል ሲጀምር ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ፣ ሰዉ ውሃው እስኪያልቅ አይጠብቅም፣ ገና ውሃው ውስጥ ቆመው በመጥረጊያ ወለሉን ያማስላሉ፣ ደለሉ ሳይረጋ ከሚሸሸው ውሃ ጋር አብሮ እንዲወጣ። አንዴ ደርቆ ከያዘ በኋላ ማን ይነቅለዋል? ይሄን ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩኝም።

ታሪኳን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የዚሁ የወንዝ ታሪክ ነው። አውሮፓውያን ፋይፎ ይሏት ነበር፣ የጃፓንና የቻይና ነጋዴዎች ሰፈር ሠርተው የሚኖሩባት ትልቅ ወደብ ነበረች፣ በቬትናም የ20,000 ዶንግ የወረቀት ገንዘብ ላይ ያለው ጣሪያ ያለው የጃፓኖች ድልድይ የዛ ዘመን ነው፣ ተጠግኖ በ2024 ነሐሴ ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው) እንደገና ተከፍቷል። በኋላ ወንዙ በደለል እየተሞላ ትልልቅ መርከብ መግባት አቃተው፣ ንግዱ ወደ ዳ ናንግ ሄደ፣ ከተማዋ ደኸየች፣ ድሃ በመሆኗ ደግሞ ማንም አፍርሶ አዲስ አልሠራባትም። ያበለጸጋትም ያደኸያትም ሳትፈርስ ያቆያትም ያው ወንዝ ነው።

አንድ ሰው ግን ልጥቀስላችሁ። ካዚሚየዥ ክፊያትኮፍስኪ የሚባል ፖላንዳዊ አርክቴክት ነበር፣ እዛ ካዚክ ነው የሚሉት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአካባቢው ያለውን የሚ ሶን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ለመጠገን መጣ፣ ሆይ አንን ሲያያት እነዚህ አሮጌ ቤቶች መጠበቅ አለባቸው ብሎ ባለሥልጣናቱን መወትወት ጀመረ። ዓመታት እዛው ኖረ፣ በ1997 ሁዌ ከተማ ሥራ ላይ እያለ አረፈ። ሆይ አንና ሚ ሶን ዩኔስኮ መዝገብ ላይ የገቡት በ1999 ነው፣ ሁለት ዓመት ቀድሞ ሄደ ማለት ነው። ከተማው ውስጥ ሐውልት አቁመውለታል፣ ዝናቡ ውስጥ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ፣ እንባዬ መጣ፣ አልደብቃችሁም። ይሄ ሰው አንድ ሳምንት ቆይቶ ሪፖርት ጽፎ አልሄደም፣ እርጥበቱንም ሙቀቱንም ከሰዉ ጋር ኖሮታል።

እንባዬ የመጣበት ሌላም ምክንያት አለ። ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት አንድ መንገድ ላይ ካልቨርት (ከመንገዱ ስር ውሃ የሚያሳልፍ መተላለፊያ) ዲዛይን አድርጌ ነበር። ሳይቱን ያየሁት ጥር ላይ ነው፣ መሬቱ ደረቅ፣ አቧራ ብቻ። አጠገቡ የሚኖሩ አንዲት እማማ መጥተው፣ ልጄ ውሃው በዚህ አይመጣም እኮ፣ በዛ በባህር ዛፉ በኩል ነው የሚወርደው አሉኝ። እሺ እማማ ብዬ ወደ ካርታዬ ተመለስኩ፣ ካርታው እንደዛ አይልም ነበር። ሐምሌ ላይ ውሃው በባህር ዛፉ በኩል መጣ። የእሳቸውን ጨምሮ ሦስት ቤት ገባ፣ ሰው ባይጎዳም የዓመት እህላቸው ተበላሸ። ሄጄ ይቅርታ ስጠይቃቸው ቡና አፍልተው ነው የተቀበሉኝ። ያቺን ቡና እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ስለዚህ ባካችሁ፣ የምትሠሩትን ነገር በደረቁ ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። ጊዜው አይፈቅድም ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ፣ በጀት የሚለቀቀውም ሳይት ጉብኝት የሚፈቀደውም በጋ ላይ ነው፣ ያ ከሆነ ክረምቱን ያየ ሰው ፈልጉ፣ እሱ ደግሞ ሁሌም አለ፣ ጥበቃው፣ ጉልት የምትሸጠዋ ሴትዮ፣ ከብት የሚጠብቀው ልጅ። ውሃው እስከ የት ነው የሚደርሰው ብላችሁ ግድግዳው ላይ በእጃቸው እንዲያሳዩዋችሁ አድርጉ፣ ሜትር አውጥታችሁ ለኩት። ሠርታችሁ ካስረከባችሁ በኋላም ማንም ሳይጠራችሁ፣ አበል ሳይኖረው፣ ዶፍ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ሂዱና ቆማችሁ እዩት፣ ከጫማችሁ በላይ የሚበላሽ ነገር የለም። ያጠፋችሁት ነገር ካለ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩት ያኔ ነው፣ ያማል፣ ግን ሂዱ።

ሆይ አን ውስጥ ታን ኪ የሚባለው አሮጌ ቤት ግድግዳ ላይ ጎርፉ የደረሰበትን ከፍታ ከነዓመተ ምህረቱ ምልክት አድርገውበታል፣ 1964 ከነዛ መሃል በጣም ከፍ ብሎ ነበር ያየሁት፣ ቀና ብዬ ነው ያነበብኩት። እኔ ከተመለስኩ በኋላ በ2025 ጥቅምት ላይ እዛ አገር የደረሰውን ሰምታችሁ ይሆናል፣ በሁዌና በዳ ናንግ መሃል ባለው ባክ ማ ተራራ ላይ በ24 ሰዓት ከ1,700 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ፣ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ይበልጣል፣ ሆይ አንም በጀልባ ነበር የሚኬድባት። ዜናውን እንዳየሁ ለሽማግሌው የልጅ ልጅ በሞባይል ጻፍኩላት። ከሦስት ቀን በኋላ መለሰችልኝ፣ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ዕቃው ፎቅ ላይ ነው፣ አያቷ መጥረጊያ ይዘው ውሃው ውስጥ ናቸው።