ራውተሩን ከመግዛትሽ በፊት አድራሻሽን እዪ

እህቴ፣ አዳማ በከፈትሽው ሁለተኛ ፋርማሲ ያሉትን ካሜራዎችና የዕቃ መቆጣጠሪያውን ፕሮግራም አዲስ አበባ ቤትሽ ሆነሽ ማየት እንዳቃተሽ ጽፈሻል። ባለሙያው «ዋይፋይ 6 ራውተር ግዢ» ብሎሻል። አትግዢ። እኔ ለመለዋወጫ ሱቄ 27,000 ብር አውጥቼ ገዝቼ አይቼዋለሁ።

1. የሞደምሽን ገጽ ክፈቺና «ዋን አይፒ» የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም ሞደምሽ ከኢንተርኔት ድርጅቱ የተሰጠውን አድራሻ፣ ወረቀት ላይ ጻፊው። ከዚያ በዚያው ኢንተርኔት ጉግል ላይ የራስሽን አይፒ ፈልጊ። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ከውጭ ወደ ሱቅሽ የሚያስገባ በር የለሽም። የሞደሙ ቁጥር በ100 ጀምሮ ቀጣዩ ከ64 እስከ 127 ከሆነማ አለቀ፣ አድራሻውን ከብዙ ደንበኛ ጋር ትጋሪዋለሽ። ድሮ የተሠራው የአድራሻ ዓይነት ብዛቱ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። በዓለም ደረጃ የቀረው ክምችት የካቲት 2011 እ.ኤ.አ. ተከፋፍሎ አልቋል። ስለዚህ የኢንተርኔት ድርጅቶች ለሰፈር ሙሉ ሰው አንድ የፖስታ ሳጥን ቁጥር እንደመስጠት ያደርጉታል። ያንቺ ደብዳቤ ይወጣል፣ መልሱም ይመጣል። ሳትጠሪው ከውጭ የመጣ ግን ለማን እንደሚሰጥ አይታወቅም።

2. «ፖርት ፎርዋርድ እናድርግልሽ»፣ ማለትም ራውተሩ ላይ ከውጭ የሚያስገባ በር እንክፈትልሽ፣ የሚሉሽን አትስሚ። እኔን የበላኝ ይሄ ነው። ቴክኒሺያኑ ሦስት ጊዜ መጣ፣ በመጣ ቁጥር 1,500 ብር። በመጨረሻም «ራውተርህ አርጅቷል» አለኝና አዲሱን አስገዛኝ። ዋይፋይ 6 ጥሩ ነገር ነው፤ ብዙ ስልክና ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ሲያያዝ ልዩነቱ ይታያል። አድራሻሽን ግን አይቀይረውም። ራውተሬ ላይ በር ከፈትን፣ ከእሱ በላይ ያለው የድርጅቱ ማሽን ግን ዝግ ነው።

ከዚያ ወደ አገልግሎት ሰጪው ቢሮ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን «ሲስተም የለም»። ሁለተኛው ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። በሦስተኛው ቀን ሁለቱን ቁጥሮች የጻፍኩበትን ወረቀት ለሠራተኛዋ በመስታወቱ ሥር አስገባሁላት። ልጅቷ ሳታየው መልሳ ገፋችልኝ። «ኢንተርኔቱ ይሠራልዎታል አይደል? ታዲያ ምን ፈለጉ?» አለችኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። «አድራሻዎ የጋራ ነው፣ ለብቻዎ ከፈለጉ ቋሚ አይፒ በክፍያ አለ ወይም የለም» ቢሉኝ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። እስካሁን ያናድደኛል።

3. መፍትሔውን ያገኘሁት ከእህቴ ልጅ ነው። ከውጭ መግባት ካልተቻለ፣ ሱቁ ራሱ ወደ ውጭ ይደውል። የራሱ አድራሻ ያለው ትንሽ ሰርቨር (ሁሌ ኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒውተር) ተከራየን፤ ክፍያው በዶላር ስለሆነ ዱባይ ያለው ወንድሜ በካርዱ ይከፍልልኛል። ሱቁም ስልኬም ዋየርጋርድ በተባለ፣ የተቆለፈ የግል መስመር በሚዘረጋ ፕሮግራም እዚያ ይገናኛሉ። ዋየርጋርድ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰርቨሮች በብዛት በሚሠሩበት በሊኑክስ ሥርዓት ውስጥ ገብቷል፣ ቀላልና ፈጣን ነው። ሰርቨር መከራየት ከከበደሽ ቴይልስኬል የሚባል አገልግሎት አለ፣ እሱም በዋየርጋርድ ላይ የተሠራ ነው። ፕሮግራሙ ካሜራ መቅጃው ላይ ስለማይጫን ሱቅ ውስጥ ሁሌ የሚበራ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር መድቢ። መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ አስተካክይው።

ሳምንት ሙሉ ያሰቃየኝን ደግሞ ልንገርሽ። ይገናኝና ትንሽ ቆይቶ ድርግም ይላል። ለካ ሱቁ ዝም ሲል የድርጅቱ ማሽን መስመሩን ይረሳዋል። ሱቁ ያለው ኮምፒውተር ላይ «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» የሚለውን 25 ብለሽ ሙዪ፣ በየ25 ሴኮንዱ ምልክት ይልካል። ከዚያ ወዲህ አልተቋረጠም። የቤትሽና የሱቅሽ ኔትወርክ ሁለቱም በ192.168.1 የሚጀምሩ ከሆነም አንዱን ቀይሪ፣ አለዚያ ይምታታሉ።

የካሜራውን የፋብሪካ የይለፍ ቃል ዛሬውኑ ቀይሪው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ካሜራዎችን የያዘው እሱን እየሞከረ ነው።

አሁን አራቱንም ካሜራ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አያለሁ፣ ሒሳቡንም እዚያው እዘጋለሁ። ሁለቱን ቁጥሮች ጻፊልኝ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች ግን ደብቂያቸው። ከሥራ ስወጣ አይቼ እመልስልሻለሁ።